ለአባባ ጀልባ የሚሆን ኮምፔርሳቶ

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። ማታ 1:00

ሦስተኛውም የኮምፔርሳቶ ቁራሽ ተላጠ። ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ሽፋን ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ተለያይቶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ኩሽናው ኮላ ኮላ ይሸታል። መስኮት ከፈትኩ። ብርድ ገባ፣ አባባ ሳሎን ሆነው አሳሉ። ዘጋሁ። ሽታው ተመለሰ።

ይኸውልሽ ማስታወሻዬ፣ ሻጩ በማርያም ምሎልኛል። ማሪን ነው እህቴ፣ ባሕር ውስጥ ብትጥዪው ምንም አይሆንም አለ። ባሕሩ ይቅርና ከሾላ የገዛሁትን ድስት አልቻለም።

ደግሞ ድስቱ የጾም ነው። አሁን ሽሮ ልሠራበት ነው? አልሠራበትም። ንድዴን ድስት ላይ መወጣት አያምርም እንጂ ከአራተኛ ፎቅ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

እንጨት ለምን እንደምቀቅል እስካሁን አልነገርኩሽም። ካያክ ልሠራ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ጀልባ። ኮምፔርሳቶው በንድፉ ልክ ይቆረጣል፣ ጠርዝ ለጠርዝ በሽቦ ይሰፋል፣ ከዚያ በኮላና በፋይበር ይጣበቃል። ፊት አባባ፣ ኋላ እኔ። ንድፉን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ለመርከብ የሚሆን ምርጥ እንጨት ተጠቀሙ ይላል። ለመርከብ የሚሆን ምርጥ እንጨት በሒሳብ መምህር ደመወዝ! ስለዚህ ርካሽ። ግን ውሃ ሲነካው የማይላጥ ርካሽ። ቀቅላችሁ ፈትኑት ያለውም ራሱ ንድፉ ነው።

አባባ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልደው ታንኳ ላይ ያደጉ ሰው ናቸው። ስትሮኩ እግራቸውን ከያዘው ወዲህ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሌለው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቴሌቪዥን ፊት። እጃቸው ግን አሁንም የኔን እጅ ሲጨብጥ ያሳምመኛል። ካያክ ላይ ደግሞ እግር ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ ሥራው ሁሉ የእጅ ነው። ሐኪሙ እጃቸውም ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል ብሎናል። ጊዜ የለኝም ማለት ነው። የሚላጥ እንጨት ለሚሸጥልኝ ሰው ደግሞ ጭራሽ የለኝም።


መጋቢት 13፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9:00

ገርጂ ዋልኩ። እግሬም ትዕግሥቴም አልቋል።

አንደኛው ሱቅ፦ ባለቤትሽ ልኬቱን አልሰጠሽም? ባለቤት የለኝም። ታዲያ አናጢው? አናጢዋ እኔ ነኝ። ልጁ ከኋላዬ ሌላ ሰው እንዳለ አንገቱን አስግጎ አየ።

ሁለተኛው፦ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለአርማታ ሙሌት የሚሆነውን አወጣ። ከተማው ሙሉ ማሪን የሚለው እሱን ነው። ውሃ ይችላል፣ አልክድም። ግን ውፍረቱ የበር ያህል ነው፣ በምንም ተአምር አይታጠፍም። ከሱ ጀልባ ብሠራ ሐይቁ ድረስ የሚሸከምልኝ የቀብር ያህል ሰው ያስፈልገኛል።

ሦስተኛው ቺፕውድ አሳየኝ። የመጋዝ ብናኝ በኮላ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

አራተኛው ቀጭን፣ ቀላ ያለ፣ ላዩ ሲያዩት የሚያምር። ጠርዙን ሳየው መሃሉ ክፍት ክፍት ነው፣ ጣት ያስገባል። ይኼማ ውሃ ይጠጣል አልኩት። ለቁምሳጥን ማን ውሃ ያጠጣዋል አለኝ። ለጀልባ ነው አልኩ። ሳቀ። የጎረቤቱን ነጋዴ ጠራው፣ እሱም ሳቀ። "ክረምት ቦሌ ሲጥለቀለቅ ልትሻገሪበት ነው?"

ቀልዱ ጥሩ ነበር። ያበገነኝም ጥሩ መሆኑ ነው። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ከዚያ መሳቄ አናደደኝ።


መጋቢት 14፣ እሑድ

ደሳለኝ መጣ። ታላቅ ወንድሜ፣ ኮንትራክተሩ። ማንጎ ይዞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ። የኩሽናውን ሽታ ጠየቀ፣ ነገርኩት። ሴትዮ ጤና የለሽም አለ። ካያክ ከፈለግሽ ፕላስቲኩን ከዱባይ አስመጣልሻለሁ አለ።

ከዱባይ የሚመጣው የደሳለኝ ዕቃ! ዊልቸሩም ከዱባይ ይመጣ ነበር። ደረጃ የሚያወጣው ማሽንም ይመጣ ነበር። ዱባይ በሙሉ ወደ አባባ እየመጣች ነው፣ እስካሁን ግን አልደረሰችም።

ካልሆነ ደግሞ ጥር ላይ እንዳደረግነው እንደገና ዝዋይ ሪዞርት እንውሰዳቸው አለ። እዚህ ላይ ነው የጮኽኩት። ጥር ላይ ምን እንደሆነ አይተናል፣ ሁለታችንም ነበርን። ሁለት ጎረምሶች ብብታቸው ሥር ገብተው አንጠልጥለው የሞተር ጀልባ ላይ አስቀመጧቸው። ወዛደር በትከሻው የሚሸከመው ጆንያ ነበር የሚመስሉት። ደሳለኝ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ አባባ ያጨብጭቡ ይላል። ዞር ዞር ተደርገው ተመለሱ። ለጎረምሶቹ እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የውሃ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ዝዋይን የሚያሳይ ዜና ሲመጣ እንኳ ቻናል ይቀይራሉ።

ይኼን ሁሉ በጩኸት ነገርኩት። በሩ ክፍት ነበር። አባባ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረጉ።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ። ማታ 4:00

ተገኘ! ተገኘ ማስታወሻዬ!

ከት/ቤት ስመለስ፣ ከሲኤምሲ ወረድ ብሎ፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሱቅ። ሚስማር ልገዛ ገባሁ። ከጀርባ፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ጥግ፣ ሦስት ቀጫጭን ኮምፔርሳቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማዕዘኑ ተሸራርፏል፣ ላዩ በውሃ ጠቁሯል። ባለሱቁ አፍሮበት በርካሽ ውሰጂው አለኝ። ስንት ዝናብ ወርዶበታል ስለው፣ ክረምቱን ሙሉ አለ። ጠርዙን አየሁ። አልተላጠም። መሃሉ ክፍት የለውም። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ አልተላጠም!

ከማዕዘኑ ቁራሽ ሰብሬ ወሰድኩ። ሁለት ሰዓት ቀቀልኩት። አውጥቼ በቢላ ፈለቀቅኩት፣ እምቢ አለ። እንደገና ቀቀልኩት። እምቢ። አባባ እራት ዘገየ አሉ። እንጨት እየበሰለ ነው አልኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ሲያምር አይዘልቅ። ሦስቱን ገዝቼ የጫንኩበት ፒካፕ ግቢያችን በር ላይ ሲቆም ጫኝና አውራጆች ከበቡን። ሦስት ቀጫጭን ኮምፔርሳቶ! ልጅ ይሸከመዋል። እኛ ካላወረድን አይወርድም አሉ፣ የሰፈሩ ሕግ ነው። የማን ሕግ? እንግዲያው እኔም የሰፈሩ ሰው ነኝ ብዬ አንዱን አውጥቼ ጭንቅላቴ ላይ አደረግኩ። ነፋስ መታው። እንደ ሸራ ይዞኝ ሊሄድ ነበር፣ ጥበቃው ያዘኝ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በመጨረሻ ከፈልኩ። ከፍዬም አንዱን ራሴ ተሸከምኩ፣ ለእልህ።

ቤት አይገባም፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ስለዚህ ኮሙናሉ። የግቢው የጋራ ቤት፣ ለቅሶና ሰርግ የሚደገስበት፣ በበዓል የሚታረድበት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን ፈቀዱልኝ። ጀልባ እንደሆነ ነገርኳቸው፣ እሺ እሺ አሉ፣ ስልክ ላይ ነበሩ። ወለሉ ርጥበት እንዳለው አውቃለሁ። ድንጋይ ደርድሬ ኮምፔርሳቶዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ አጋደምኩ፣ በንጹሕ ላስቲክ ሸፈንኩ። የምቆርጠው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ አሁን ፈተና ላይ ነን።


ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ኮሙናሉ ወለል ላይ የጀልባውን ቅርጽ በጠመኔ በሙሉ ልኩ ሣልኩ። ሁለት መቀመጫ፣ ሁለት ክብ። ደስ ይላል። ሰው እየዘለለው ያልፋል።

ዛሬ ምሳ ላይ አባባ በራሳቸው ጠየቁ። ስፋቱ ስንት ነው? ከጥር ወዲህ ስለ ጀልባ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው! ማንኪያ ጥዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ ሽቦውን፣ እሳቸው ፊት እንደሚቀመጡ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እንደምይዛቸው። እየሰሙ ነበር። መጨረሻ ላይ ፊታቸውን አዞሩ። ሪሞቱን አንሺልኝ አሉ።

ምን አልኩ? ምንም ክፉ አልተናገርኩም። ሰው ደስ ላሰኝ ብሎ ወገቡ እየተቆረጠ፣ ሪሞት አንሺልኝ። አነሳሁላቸው። ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጌ አስቀመጥኩት።


ሚያዝያ 12፣ እሑድ። ፋሲካ። ከጠዋቱ 3:00

ፊደሌ ካልተነበበልሽ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ጠዋት በር ተንኳኳ። ጋሽ መኮንን። ሱሪያቸው ተጠቅልሎ፣ እጅጌያቸው ደም ነክቶት፣ ትልቅ ሳህን ሙሉ ሽንጥ ይዘው። እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ዘንድሮ ቅርጫ አልገባሁም፣ ለሁለት ሰው ዶሮ ይበቃል ብዬ። ስለዚህ ይኼ የማን ነው አልኳቸው።

"ለሳንቃሽ ነው እንጂ! እግዜር ይስጥሽ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ላይ ሥጋ ዘርግተን አናውቅም።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። በቤት ጫማ አራት ፎቅ ወረድኩ።

ላስቲኩ ተጣጥፎ ጥግ ተቀምጧል። በሬው የለም፣ ሥጋው መደብ መደብ ሆኖ ኮምፔርሳቶዬ ላይ ተደርድሯል፣ ሰው ዕጣ እየጠበቀ ነው። አንዱ ቅልጥም በመጥረቢያ ይሰብራል። ኮምፔርሳቶዬ ላይ! አቁም አልኩ። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፣ ልጆች አለቀሱ። በፋሲካ ቀን፣ ነጭ በለበሰ ሰው መሃል፣ ፀጉሬ ሳይበጠር ቆሜ ጮኽኩ። የጀልባ እንጨት ነው! አባቴን የምወስድበት ነው!

ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ጠየቀች፦ ኮላው ሥጋው ላይ አይወጣም አይደል?

ተመልከቺ ግን። ማረጃ ቤት ውስጥ፣ በበዓል ዋዜማ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በንጹሕ ላስቲክ ተሸፍኖ። ሌላ ምን ሊመስላቸው ኖሯል? ኮሚቴው ዘንድሮ ተሻሽሏል ብለው ተደስተዋል። ጥንቃቄዬ ነው ጉድ የሠራኝ። ይኼን ማወቄ ንድዴን አልቀነሰውም፣ የምናደድበትን ሰው አሳጣኝ እንጂ።

ጉዳት፦ የላይኛው በመጥረቢያ ተከታትፏል፣ አለቀ። የመሃሉ ግማሹ ደምና ሞራ ጠጥቷል። የታችኛው ደህና ነው።

አባባ ሽንጡን ጥሬውን በአዋዜ በሉ። ጥሩ በሬ ነው አሉ።


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

በፈላ ውሃ። በዱቄት ሳሙና። በአመድ። በብርጭቆ ወረቀት ትከሻዬ እስኪዝል ድረስ ፈገፈግኩ። ውሃ ጠብ ሳደርግበት አሁንም እንክብል ሆኖ ይንከባለላል። ሞራ ገብቶበታል፤ ሞራ የገባበት እንጨት ኮላ አይዝም።

ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ያ ዓይነት አልቋል፣ አዲስ ገብቷል አለ። ቀለሙ ያው፣ ውፍረቱ ያው። ቁራሽ ወሰድኩ። ቀቀልኩ። ድስቱ ላይ ቆሜ ነበር፣ ሲላጥ አየሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

ደሳለኝ ደወለ። ሰምቷል። ሊስቅ ፈልጎ ሲታገል በስልክ ይሰማል። ዘጋሁበት።


ሚያዝያ 17፣ ዓርብ። ከቀኑ 10:30

ከት/ቤት ስገባ ኮሚቴው ኮሙናሉ በር ላይ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ነዋሪው መዋጮ አዋጥቷል። ካሳ። ጋሽ መኮንን ጨርቁን ገለጡት። ኤምዲኤፍ፣ በኮላ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት! ወፍራም፣ ነጭ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ሰው የማያነሳው። ከርካሹ እንዳይመስልሽ፣ የቱርክ ነው፣ የሱቁን ምርጥ ነው የመረጥነው አሉ። ጫኝና አውራጆቹ ሳይቀሩ በነጻ ነው ያወረዱት፣ ለኔ ብለው።

ማስታወሻዬ፣ ክፉ ሰው ላይ መናደድ ቀላል ነው። ደግ ሰው ላይ ግን!

አመሰገንኩ። ይኼ ውሃ ሲነካው ገንፎ ይሆናል አልኩ፣ በቀስታ። ጋሽ መኮንን አሰቡ። ታዲያ ደህና አድርገን ቀለም ብንቀባውስ? እዚህ ላይ ፈነዳሁ። ገንፎ ነው እያልኳችሁ! ገንፎ ቀለም ቢቀባ ገንፎ ነው! ሽማግሌ ሰው ላይ! ተንገብግቤ ሳበቃ ከላይ ስሜ ተጠራ። ሰናይት። ቀና አልኩ። አባባ መስኮቱ ጋ ናቸው። ከወንበራቸው መስኮቱ ድረስ ብቻቸውን እንዴት እንደደረሱ አላውቅም። አትጩሂባቸው ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

ነገ አውርዱኝ፣ ልየው አሉ።


ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 8:00

አወረዷቸው። የቅርጫ ሰዎቹ ናቸው፣ በፕላስቲክ ወንበር። ሁለት በጎን፣ አንድ ከፊት፣ ጋሽ መኮንን ከኋላ ደግፈው። በየፎቁ በር እየተከፈተ እንኳን ለዚህ አበቃዎት ይባላል። አባባ ፊታቸው ድንጋይ ነው።

ኮሙናሉ ገባን። የተረፈውን ኮምፔርሳቶ ነኩት፣ መልካም አሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ የሣልኩትን አዩ። እዚያ አስቀምጡኝ። ወንበራቸውን የፊተኛው መቀመጫ ላይ አደረግነው። እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ፣ እንደሚቀዝፍ ሰው። ከዚያ ዞረው ከኋላቸው ያለውን ክብ አዩ። ይኼ የማን ነው? የኔ ነው፣ ነግሬዎት የለ እንዴ አልኩ።

"ከኋላዬ ሰው ሰለቸኝ፣ ሰናይት።"

በሰው ፊት። ሽንት ቤት ከኋላዬ፣ አልጋ ላይ ከኋላዬ፣ ደረጃ ላይ ከኋላዬ፣ ውሃ ላይም? ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ። እኔም አላስቻለኝም። ወር ሙሉ እንጨት ቀቅያለሁ፣ ከሰው ተጣልቻለሁ፣ መሳቂያ ሆኛለሁ፣ ለማን ነው አልኩ። ብቻዎን ሄደው እንዲሰምጡልኝ ነው?

"ዋና ትችያለሽ?"

አልችልም። ያውቃሉ።

"ታዲያ ብንገለበጥ ማን ማንን ሊያወጣ ነው?"

ሰዎቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ሲመለሱ አባባ፣ መኮንን አንተ ከፊት ሁን አሉ። ከኋላ ማንም እንዲይዝ አልፈቀዱም፣ ሁለቱ በጎን ተቸግረው አወጧቸው። እኔ አብሬ አልወጣሁም።


ሚያዝያ 19፣ እሑድ። ጠዋት 2:00

ተናድጄ ተኛሁ፣ ተናድጄ ተነሳሁ። ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፦ እኔም መቅዘፍ ፈልጌ ነበር። የሳቸውን ጀርባ እያየሁ፣ ሲያዞሩ እያዞርኩ፣ የሚያውቁትን ውሃ እንዲያሳዩኝ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ስለ እግር ነበር የማወራው፣ ስለ ሐኪም። አሁን ብናገር ደግሞ እሺ ይሉኛል፣ ለኔ ብለው እሺ ይላሉ፣ ከኋላቸው ያስቀምጡኛል። ያንን አልፈልግም።

ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁ። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ አለ፣ አንድ ግማሽ አለ። ሁለት መቀመጫ ላለው በምንም ተዓምር አይበቃም። ባለ አንድ መቀመጫ፣ አጠር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ በቀላሉ የማይገለበጥ፣ አፉ ሰፊ ሆኖ እግር በቀላሉ የሚያስገባ ንድፍ እዚያው ኢንተርኔት ላይ አለ። ለሱ ይበቃል። መዳፍ የሚያህል እንኳ ይተርፋል።

ርጥብ ጨርቅ ይዤ ኮሙናሉ ወርጄ ነበር። የኋለኛውን ክብ አጠፋሁ። ጠመኔው አልለቅ ብሎ አናደደኝ፣ በጫማዬ ፈተግኩት።

አባባ ቁርስ እየበሉ ነበር። አንድ መቀመጫ አልኳቸው። ቀና አሉ። ተንሳፋፊ ጃኬት ይለብሳሉ አልኩ፣ እንደ ሕፃን ልትጠቀልይኝ ነው ብለው ተቆጡ፣ እኔም ተቆጣሁ፣ በመጨረሻ እሺ አሉ። በሱ አልደራደርም።

ነገ መቁረጥ እጀምራለሁ። ዝዋይ ስንሄድ ማንም አንስቶ አያስቀምጣቸውም፣ ጀልባው ዳር ላይ ይጠብቃቸዋል፣ እየተጎተቱም ቢሆን በእጃቸው ይግቡ። እኔ ዳር እቆማለሁ። ቢርቁም አልጠራቸውም።